ክር የበዛበት ደጃፍ

የከተማዋን ስም ብጠራ አንድ ከተማ ይቀየመኛል፤ ባልጠራ ደግሞ ብዙ ከተማ «እኔን ነው» ይላል። ሁለተኛው ይሻለኛል። ታናሽ እህቴ ማንጠግቦሽ ያገባችውም የሞተችውም እዚያ ነው። እኔ አልቃሽ ነኝ። ሙሾ ማውረድ ማንም አላስተማረኝም፤ ሰው ሲሞትብኝ ለመድኩት። ለእሷ ያወረድኩትን ሙሾ ሕዝቡ ሰማ፣ አለቀሰ፣ ንፍሮውን በልቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ነገሩ እንዴት ሆነ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

በዚያች ከተማ ክር ማሰር የሚባል ልማድ ነበረ። አንድ ሰው ሥራውን የወደደለት ባለሙያ ካለ፣ ከራሱ በር ወደ ባለሙያው በር ክር ይዘረጋል። ማረሻህን አሳምሮ የሞረደልህ ቀጥቃጭ በር ላይ ታስራለህ፤ ልብስህን ያላጠበበብህ ሰፊ በር ላይ ታስራለህ። መንገደኛ ሲመጣ ቀና ብሎ ያያል፤ ክር ወደበዛበት ይሄዳል። ክር የሚታሰረው በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት እያየ ነበር። ለማይረባ ሰው ክሩን የሰጠ ሰው ገበያ መሃል ያፍራል። ባለሙያው ያታለለው ሰው ደግሞ «ክሬን በላው» ይላል፤ በከተማዋ ከዚያ የከፋ ስድብ አልነበረም።

እህቴ የበኩር ልጇን ስትወልድ ያዋለዷት እማማ ደብሪቱ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ቤታቸው ከእህቴ ቤት ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። ልጁ የመጣው በእግሩ ነበር። እማማ ደብሪቱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ አንዴ እየተሳደቡ አንዴ እየመረቁ፣ ልጁንም እናቱንም አወጧቸው። እህቴ ከአራስ ቤት ስትወጣ መጀመሪያ የሠራችው ሥራ ክር መፍተል ነው። ባሏ ጓንጉል፣ ኮርቻ ሠሪው፣ መሰላሉን ያዘላትና ከበሯ እስከ እማማ ደብሪቱ በር ዘረጋችው። የአሮጊቷ ደጃፍ ያኔ እንደ ሸማኔ መደወሪያ ነበር። ክሩ ሁሉ ከእናት በር የመጣ ነው።

ከተማዋ ስታድግ ክሩ ሰማይ ሸፈነ። መንገደኛ ቀና ብሎ መለየት ሲያቅተው ጠቋሚ ቤት ተከፈተ። መጀመሪያ ላይ ደግ ነገር ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ዋሾ እሆናለሁ። ሰው በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ምስማር» ይላል፤ ከውስጥ «በስተቀኝ ታጠፍና ሁለተኛው በር» ይሉታል፤ ሄዶ ምስማሩን ያገኛል። ቤቱ ቆጣሪ የሚባሉ ሠራተኞች ነበሩት። እነሱ መንደር ለመንደር እየዞሩ በየበሩ የታሰረውን ክርና በየግድግዳው የተጻፈውን ቃል ይቆጥራሉ። ብዙ ክር ያለው፣ የሚፈለገው ቃል ብዙ ጊዜ የተጻፈበት ቤት መጀመሪያ ይጠቆማል። ቆጣሪ ግን ቤት ውስጥ ገብቶ አያውቅም። አንዱን «ለምን ገብታችሁ አታዩም?» ብዬ ብጠይቀው፣

«እናቴ፣ እኛ ቆጣሪዎች ነን እንጂ ተመልካቾች አይደለንም» አለኝ። በትሕትና ነው ያለው።

ታፈረ የሚባል ሰው ብቅ ያለው ያኔ ነው። ክር ነጋዴ ነው፤ «ክር እሸጣለሁ» ግን አይልም። «ደጃፍ አሳምራለሁ» ነው የሚለው። ሱቅ ለሱቅ እየዞረ፣ «ሥራህን አሳምረህ ማን አየልህ? ደጃፍህን አሳምር!» ይላል። ባለሱቁም እውነት ይመስለዋል። መጀመሪያ ክር መለዋወጥ መጣ። ሥጋ ሻጩ ቢላዋ ገዝቶበት ለማያውቅ ቀጥቃጭ ክር አሰረ፤ ቀጥቃጩም ሥጋውን ቀምሶለት ለማያውቅ ሥጋ ሻጭ አሰረ። ቀጥሎ ታፈረ ከከተማው ውጭ ጎጆ መሥራት ጀመረ። ፊት ለፊቱ ግድግዳና በር ነው፤ ጀርባው ባዶ ነው። ከእያንዳንዱ ጎጆ ክር እየወጣ ወደከፈለው ሁሉ በር ይሄዳል።

«እዚህ ማን ይኖራል?» ብሎ የጠየቀው ሰው ነበር።

«ክር» አለ ታፈረ።

ከዚያ የግድግዳው ነገር መጣ። የጠጅ ቤቱ ባለቤት ግድግዳውን «ጠጅ ጥሩ ጠጅ የጠጅ ጠጅ እዚህ ጠጅ» እያለ ከላይ እስከ ታች ሞላው። ደንበኛ ሲስቅበት በነጭ ኖራ ላይ በነጭ ኖራ አስጻፈው፤ ሰው አያየውም፣ ቆጣሪው ግን በጣቱ ዳብሶ ይቆጥረዋል። ሁሉም እሱን ተከተለ። በዓመቱ ከከተማዋ ጥሩ ጠጅ ጠፋ፤ ጠጅ የሚለው ቃል ግን ተትረፈረፈ።

ታፈረ አንድ ቀን እማማ ደብሪቱ ደጃፍ መጣ። እሳቸው በራፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ! ይሄ ሁሉ ክር የእናቶች ነው?»

«ከአህያ ጭራ የተነጨ መሰለህ?»

«ኧረ በጭራሽ! እንዲህ ያለ ደጃፍ ክብደት አለው ለማለት ነው። ከእርስዎ በር አንዲት ክር ብቻ ወደ አንድ ወዳጄ ቤት ብንዘረጋ…»

«ወዳጅህ ምን ሠራልኝ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ላስርለት?»

«እማማ ደግሞ! ክር እኮ አይናገርም።»

«የኔ ይናገራል።»

ታፈረ ቁጢጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዘመኑ ተለውጧል እማማ። አዋላጅነት ድሮ በእጅ ነበር፤ አሁን በደጃፍ ነው።»

«እንግዲያው ሚስትህን ምጥ ሲይዛት ደጃፉ ያዋልዳት!» አሉና ምስራቸውን አንስተው ገቡ።

ታፈረ ሳቀ። የሚያውቁት ሰዎች እንደሚሉት የሚስቀው ሲቆጣ ነው።

በማግስቱ የእማማ ደብሪቱ በር አይታይም ነበር። ከታፈረ ጎጆዎች ሁሉ፣ ከቁማር ቤቱ፣ ከጠንቋዩ፣ ከሌባ ተቀባዩ በር የመጣ የተልከሰከሰ ክር በላዩ ላይ ተከምሯል። ቆጣሪዎቹ መቀስ ይዘው መጡ፤ አለቃቸውም አብሮ መጣ።

«ክር ገዝተዋል፤ በደንባችን ክልክል ነው» አላቸው አለቃው።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት?»

«ማን እንዳሰረው አንጠይቅም፤ የት እንደታሰረ ነው የምንጠይቅ።»

«ይሄን የኔ ጠላት ቢያስረውስ?»

«ጠላት ክር አያስርም፤ ክር የወዳጅ ነው። ደንባችን እንዲህ ይላል።»

ቅጣቱ ተነገራቸው። ከእንግዲህ ጠቋሚ ቤት ስማቸውን አያነሳም፤ በራቸውም ላይ ሰው የለበትም የሚል የኖራ ምልክት ይደረጋል። ይቅርታ ከፈለጉ አደባባይ ወጥተው «የታሰረብኝን ክር ሁሉ አላውቀውም» ብለው መካድ አለባቸው።

«ይሄን ቆሻሻ እክዳለሁ» አሉ እማማ ደብሪቱ። «የእናቶቹን አልክድም።»

«መለየት አንችልም። ወይ ሁሉንም ይካዱ፣ ወይ ሁሉንም ይያዙ።»

«በእነዚህ እጆቼ ያወጣኋቸውን ልጆች አላውቃቸውም ልበል? አንተንስ ማን ያወጣህ መሰለህ? እናትህ ልሙት ልሙት ስትል ማን ነበር አጠገቧ?»

አለቃው ወደ መሬት አየ። ከዚያ ለቆጣሪዎቹ ምልክት ሰጠ፤ ሁሉንም ቆረጡት። የእህቴ ክርም አብሮ ወደቀ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ታፈረ ክፉ ነው፤ ክፉ ክፉ ቢሠራ ምን ይገርማል? ግን እኒያ በእሳቸው እጅ የወለዱ ሴቶች፣ በእሳቸው እጅ የተወለዱ ወንዶች፣ ቀስ በቀስ በዚያ በር ሲያልፉ ፊታቸውን ማዞር ጀመሩ። «ጠቋሚ ቤት ዝም ብሎ አይተዋቸውም፤ የሆነ ነገርማ አለ» ይላሉ። ምን እንዳለ ቢጠየቁ አያውቁም። ጥቂቶች ደግሞ አዋላጅ ለሚፈልግ ሰው በሹክሹክታ ያንን በር በጣታቸው ያሳዩ ነበር። ጠቋሚ ቤት ሰማና አዋጅ አወጣ፦ ያለ ፈቃድ የማንንም በር በጣት መጠቆም አሉባልታ ነው፤ የጠቆመ ይታሰራል። ሕዝቡም እጁን ጋቢው ውስጥ ከቶ መሄድ ለመደ።

ማንጠግቦሽ ሁለተኛዋን ስትወልድ እኔ ከገጠር መጥቼ እሷው ጋ ነበርኩ። ምጡ ጠዋት ጀመራት። ጓንጉልን ጠርታ፣ «እማማ ደብሪቱን ጥራልኝ» አለችው። «እሺ» ብሎ ወጣ። ቅርብ ነው፣ አሁን ይመጣሉ ብዬ ውሃ ጣድኩ።

መንገድ ላይ የሆነውን የነገረኝ ራሱ ጓንጉል ነው። እማማ ደብሪቱ በራቸው ላይ ቆመው ነበር።

«አንተ ጓንጉል! ምን ያስሮጥሃል?»

«ማንጠግቦሽን ምጥ ይዟታል እማማ! አዋላጅ ፍለጋ ነው!»

«አዋላጅ?»

«አዎ፣ ጠቋሚ ቤት ሰልፍ ሳይበዛ ልድረስ ብዬ ነው!»

«ልጄ፣ እኔ ምንድን ነኝ?»

ቆመ። «እውነቴን ነው፣ አሰብኩ» ብሎኛል። እጆቻቸውን አየ። ያን ልጅ፣ በእግሩ የመጣውን፣ በእነዚያ እጆች ላይ ሆኖ ሲያለቅስ ትዝ አለው። ከዚያ ቀና ሲል በሩን አየ። አንዲት ክር የለበትም፤ ኖራው ነጭ ነው።

«እማማ፣ እርስዎማ የታወቁ አዋላጅ ነበሩ» አላቸውና ሮጠ።

ነበሩ! ልጁን የሰጡትን ሴትዮ፣ ፊታቸው ቆሞ፣ ዓይናቸውን እያየ፣ ነበሩ አላቸው። በዓይኑ ያየውን ጠቋሚ ቤት ስላላየው ያላየው መሰለው።

ጠቋሚ ቤት ደርሶ «አዋላጅ» አለ። «የእናቶች ማረፊያ የሚባል ቤት አለ፤ በክር የሚደርስበት የለም። በሰሜን በር ውጣ» አሉት። ሮጠ። ቤቱ ሩቅ ነበር። ሲደርስ ክሩ ከየአቅጣጫው መጥቶ በሩ ላይ እንደ ድር ተጠላልፏል፤ ግድግዳው ላይ «አዋላጅ ጎበዝ አዋላጅ ፈጣን አዋላጅ አጠገብዎ ያለ አዋላጅ» ተጽፏል። አንኳኳ። የሚመልስ የለም። በሩን ከፈተው። ከበሩ ወዲያ የገብስ ማሳ ነበረ፤ አንዲት ላም ቆማ ታየዋለች።

በሩን መልሶ ዘጋውና ደግሞ አንኳኳ።

ተመልሶ ጠቋሚ ቤት ሄደ። «እዚያ ሰው የለም!» አላቸው።

«ክሩ ቀንሷል?»

«ክሩማ ብዙ ነው፣ ሰው ነው የሌለው!»

«ብዙ ከሆነ ታዲያ ምን ሆነህ ትጮሃለህ? እሺ፣ ተከታዩን እንካ።» ተከታዩ ቤት ገበያው ዳር ነው። አንዲት ሴት ብቅ አለችለት።

«አዋላጅ ነሽ?»

«ኧረ አይደለሁም ጌታዬ፤ ቅቤ ነው የምሸጥ። አዋላጅ የሚፈልግ ሰው ቅቤም ይፈልጋል ብለው ነው ግድግዳዬ ላይ የጻፉልኝ። ለጋ ነው፣ ላስሸትትህ?»

ገዛ። ባዶ እጄን ከምመለስ ብሎ ገዛ።

ቤት ውስጥ የእህቴ ድምፅ ተለወጠ። የምጥ ጩኸት ሌላ ነው፣ ያ ሌላ ነው። ጀርባዋን ደግፌ ስለያዝኳት ትቻት መውጣት አልቻልኩም፤ በር ላይ የተሰበሰቡትን የጎረቤት ሴቶች «እማማ ደብሪቱን ጥሩልኝ! ስለ እግዜር!» ብዬ ጮህኩ። አሮጊቷ ለካ ድምፁን ሰምተው ራሳቸው መጥተዋል፤ ሴቶቹ ናቸው ደጁን የዘጉባቸው።

«እማማ፣ ጠቋሚ ቤት ሳይልክዎ ቢገቡ እኛ እንጠየቃለን» ይላሉ።

«ተጠየቂ! አንቺን ከእናትሽ ሆድ ሳወጣሽ ማን ልኮኝ ነበር?»

«እኛስ ምን እናድርግ እማማ፣ ደንብ ነው…»

ገፍተዋቸው ገቡ። ልጅቷን አወጧት፤ በሕይወት ወጣች፣ እንደ ወንድሟም ጮኸች። ደሙ ግን አልቆም አለ። እማማ ደብሪቱ የሚያውቁትን ሁሉ አደረጉ፤ በመጨረሻ የእህቴን እግር በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ጓንጉል መጣ?» አለችኝ ማንጠግቦሽ።

«እየመጣ ነው» አልኳት።

እውነትም መጣ። ቅቤውን በቅጠል እንደተጠቀለለ ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ የሚያስቀምጥበት ጠፋው። እሷ ያኔ አልፋ ነበር።

ለቅሶው ላይ እንኳ አልተዉንም። የጓንጉል ዘመዶች ከጠቋሚ ቤት ጠይቀው ክር የበዛላትን አልቃሽ አመጡ። ሴትየዋ ድንኳኑ መሃል ቆማ «ለቅሶ ልብ የሚነካ ለቅሶ የእናት ለቅሶ የእህት ለቅሶ» እያለች ደረቷን ትመታለች። የሟችን ስም አንዴም አልጠራችም። ገለል አደረግኋትና እኔው አወረድኩት፦

ከደጅሽ ደጃፏ እፍኝ መሬት ሳለ፣
ባልሽ አገር ዞረ አዋላጅ እያለ።

ጓንጉል ይህን ሲሰማ ተደፋ። ሊያነሱት የሄዱትን «ተዉት» አልኳቸው።

በሰልስቱ የጠቋሚ ቤት አለቃ ቆጣሪዎቹን አስከትሎ ሊያስተዛዝነን መጣ። «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ተቀመጠ። እኔ አላስቻለኝም።

«ጌታዬ፣ የገብስ ማሳ አዋላጅ ነው ብላችሁ ሰው የላካችሁት ምን ብላችሁ ነው?»

«ጉዳዩን መርምረነዋል» አለኝ። «ጥቆማው ትክክል ነው። የዚያን በር ክር ዳግም ቆጠርነው፤ አልጎደለም።»

«በሩን ከፈታችሁት?»

«መክፈት የእኛ ሥራ አይደለም። እንዲያውም አቶ ጓንጉል ሁለት ጊዜ ስላንኳኩ እንደ ሁለት ፈላጊ ተቆጥሯል፤ ቤቱ አሁን ከበፊቱም ከፍ ብሏል።»

ይህን ያለው እያጽናናኝ ነው። እህቴን የበላው በር በእህቴ ሞት ከፍ አለ፣ እኔም ደስ እንዲለኝ ይጠበቃል። ታፈረም ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ የለቅሶ ቤት ደጃፍ ሰው ስለሚበዛበት አንድ ክር እንድናከራየው ለጓንጉል ዘመዶች በጆሯቸው ሲያወራ ሰማሁት።

በዚህ መሃል አንድ እንግዳ ሰው እየሮጠ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ላቡ ፊቱን አልብሶታል።

«ወገኖቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ለቅሶ ላይ መሆናችሁን አላወቅሁም። ሚስቴ ምጥ ላይ ናት፤ ጋሪ ላይ ትቻት ነው የመጣሁ። አዋላጅ የት አለ? ጠቋሚ ቤትስ በየት ነው?»

ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነበረበት። ግማሹን እማማ ደብሪቱ ናቸው ያዋለዱት። አንድም ሰው እጁን አላወጣም። እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ነው፤ ዓይናቸው ቆጣሪዎቹ ላይ ነው።

ጓንጉል ተነሳ። ጭንቅላቱ የተላጨ፣ ዓይኑ ያበጠ ነው። እጁን ከጋቢው አወጣና በአለቃው ፊት፣ በሙሉ ክንዱ፣ በጣቱ ጠቆመ።

«ያ ኖራ የተቀባው በር።»

ሰውየው አየና ተጠራጠረ። «ክር የለበትምሳ?»

«ክር የለም። እኔ አለሁ።»

«አንተ ማነህ?»

«እዚያ በር ሳልገባ ያለፍኩ ሰው ነኝ» አለ ጓንጉል። «ድንኳኑ የሚስቴ ነው።»

ሰውየው ድንኳኑን ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ሌላ ነገር አልጠየቀም፤ ወደ ኖራው በር ሮጠ።

ቆጣሪዎቹ ጓንጉልን ያዙት።

«በጣትህ ጠቁመሃል?»

«ጠቁሜያለሁ።»

«በማን ፈቃድ?»

ገመድ አልያዙም ነበር፤ ክር ግን በከተማዋ ሞልቷል፤ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምረው ጣቶቹን አንድ በአንድ ተበተቡት። በገበያው መሃል ሲወስዱት እኔ ጨቅላዋን ታቅፌ ከኋላ ተከተልኩ። ሻጩም ገዢውም ሥራውን ትቶ ያያል። እንደዚያ ቀን ጸጥ ያለ ገበያ አይቼ አላውቅም።

አንዲት ሸክላ ተሸካሚ ሴት ሸክሟን አወረደችና፣ ጮክ ብላ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣

«ጋሼ ጓንጉል! የማያፈስ እንስራ የምትሠራው የት ናት?» አለች።

ቆጣሪው ዱላውን አነሳ። ጓንጉል እጁ ወደ ኋላ እንደታሰረ ቆመ፣ አንገቱን መዘዘና በአገጩ ወደ ወንዙ መንደር ጠቆመ። ሴትየዋም ሸክሟን አንስታ ወደዚያው ሄደች። ከወዲያ ጥግ ሌላ ሰው «ሰፊስ?» ብሎ ጮኸ፤ ከወዲህ ደግሞ ሌላው «ወጌሻስ ጋሼ?»፤ ጓንጉልም አገጩን ከግራ ቀኝ ሲያዞር፣ ቆጣሪዎቹ መቁጠር አቅቷቸው ቆመው ይተያዩ ጀመር።

በአገጭ ስለመጠቆም በዚያች ከተማ ሕግ አልነበረም። አሁን እየተጻፈ ነው ይባላል።